አንድ ሊጥ፣ ሁለት ሥጋ

ሥጋና አይብ ያለው ድፍን ብስኩት መጋገር ቀላል ነው። ይህን የምለው ሰው ለማበረታታት አይደለም፤ እውነትም ቀላል ስለሆነ ነው። ልጆቼ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው፣ ዱቄቱን እንደ ወርቅ እየመዘኑ፣ ማድ ቤቱን መድኃኒት ቤት ሲያስመስሉት ሳይ ደሜ ይፈላል። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ጨው፣ ቁንጥር ቤኪንግ ፓውደር፣ ከዚያ ቀዝቃዛ እጅ። ቅቤው ሳይቀልጥ ዱቄቱ ውስጥ በጣት ጫፍ ፈርፈር ይደረጋል፣ ወተቱ ጠብ ጠብ ይልበታል፣ ሊጡ ሰብሰብ ሲል ይተዋል። መታሸት የለ፣ መቡካት የለ። ይዳመጥና በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል። አንዱ ክብ ላይ ሥጋውና አይቡ ይቀመጣል፣ ሌላው ይከደንበታል፣ ጠርዙ በጣት ቆንጠጥ ቆንጠጥ ይደረጋል። በቃ። ችግር ካለም ያለው ከተከደነ በኋላ ነው።

የተማርኩት ጅማ ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ በትምህርት ቤት የቤት አያያዝ ክፍል። መምህራችን "ቀላልና ፈጣን" ሳይሉ የሚጀምሩት ምግብ አልነበራቸውም። ክፍሉ ምድጃ ስላልነበረው ብስኩቱን የጋገርነው በጠመኔ ነው፤ እሳቸው ሰሌዳው ላይ ሣሉት፣ እኛ ገለበጥነው፣ ደወል ተደወለ፣ ወጣን። ቤት መጥቼ ልሞክር ስል እናቴ ሳቀችብኝ። "ያልቦካ ሊጥ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቦካው" አለች። ኋላ ላይ ራሷ ስትሞክረው ደግሞ እጇ የለመደው ድፎ ዳቦ ነውና ሊጡን እየደቆሰች አሸችው። ከዳቦ ቤት ምድጃ የወጣውን ነገር የሰፈር ውሻ አሽትቶ ትቶት ሄደ። ብስኩቱን ያዳነችው ጎረቤታችን ናት።

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነበር። የአንድ ነጋዴ ሰፊ ቤት ተወርሶ፣ መሀሉ ላይ ኮምፔንሳቶ ተገትሮበት፣ ለሁለት ቤተሰብ ተሰጠ። በአንዱ ወገን እኔና እናቴ ነበርን፤ አባቴ ሊሙ ገነት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስለሚሠራ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። በሌላው ወገን ጅማ መርካቶ ጨርቅ የምትነግድ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ኮምፔንሳቶው ስስ ስለነበር እነሱ ሲያስነጥሱ "ይማራችሁ" የምንለው እኛ ነበርን። ማድ ቤቱን ግን ለሁለት መክፈል አልተቻለም፤ የጋራ ሆነ።

ሴትዮዋ ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከየቡ ናት፣ ኦሮሞ፣ ሙስሊም። ልጇ በኦሮምኛ "ሀርሜ" ሲላት፣ እማዬ ሲል፣ እየሰማሁ ስላደግኩ እኔም ሀርሜ እላታለሁ፤ አንቺ እላታለሁ። እናቴ "ትልቅ ሰው ናት፣ እርስዎ በያት" እያለች ብትቆጣም ሀርሜ ራሷ "ተያት እህቴ፣ ልጄ አይደለች?" ትላት ነበር። ሀርሜ እጇ ቀዝቃዛ ነው። ሊጡን እንደ ሕፃን ራስ ነው የምትይዘው፣ ሳትጫነው። ጣቷን ዱቄቱ ውስጥ እያፍተለተለች "ማሎ፣ እባካችሁ፣ ቀስ በሉ፣ ምን አሳደዳችሁ?" ትለናለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብስኩቷ ሲቆረስ በንብርብር ይላቀቅ ነበር።

መቼም የምታውቁት ነገር ነው፤ ሥጋ ላይ ስንደርስ እንለያያለን። እኛ የምንገዛው በሩ ላይ መስቀል ከተሣለበት ሥጋ ቤት፣ እነሱ ጨረቃ ከተሣለበት። ማድ ቤቱ ውስጥ በግራ በኩል የኛ ቢላዋ፣ የኛ መክተፊያ፣ የኛ ድስት ተቀምጧል፤ በቀኝ በኩል የነሱ። ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ ኮሰረቱ፣ የየቡ ሴቶች ሐሙስ ገበያ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው የሚያመጡት አይብ ከግራ ወደ ቀኝ እንደልቡ ይመላለሳል። ሥጋ አይሻገርም፤ ሥጋ የነካ ማማሰያም አይሻገርም። ይህን የሚቆጣጠር ሰው አልነበረም፣ የሚከፋበትም አልነበረም። አንዷ የሌላዋን ድስት በስህተት ብታነሳ ሌላዋ "አንቺ ሴት፣ ጉድ ልታደርጊኝ ነው!" ብላ ትነጥቃታለች፤ ከዚያ ይሳሳቃሉ።

ሊጡ ግን አንድ ነበር። ዱቄት በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ የሚገኝ ነገር ስለሆነ ሁለቱም የደረሳቸውን አንድ ላይ ይደፉታል። ከአንድ ሊጥ የተቆረጠ ክብ ግማሹ የኛን ሥጋ፣ ግማሹ የነሱን ይዞ ይከደናል፤ ከተከደነ በኋላ ያው ነው፣ አይለይም። ስለዚህ ሀርሜ ዘዴ አበጀች። መጀመሪያ ሁሉም እንቁላል ይቀባል፤ ከዚያ በነሱዎቹ አናት ላይ ጥቁር አዝሙድ ትነሰንሳለች፣ የኛዎቹን በሹካ ወጋ ወጋ ታደርጋለች። ይህን ሥራ ለማንም አትሰጥም። እናቴ ሹካውን ስታነሳ ካየች "አንቺ ሥጋሽን ክተፊ፣ ምልክቱን ለኔ ተይው" ትላታለች።

ማድ ቤታችን የዳቦ ምድጃ ስላልነበረው ትሪው የሚሄደው መርካቶ ዳር ወዳለው ዳቦ ቤት ነው። ይዘን የምንሄደው እኔና ልጇ ነበርን። እሱ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅ ረጅም ልጅ ነበር፣ ሲስቅ በመጀመሪያ ትከሻው የሚስቅ። እሱ የነሱን ትሪ፣ እኔ የኛን ትሪ ይዘን ጋሪውንና አህያውን እየሸሸን እንወርዳለን። ጋጋሪው ከደቡብ የመጣ ጴንጤ ነበር፤ መዝሙሩን ከእሳቱ ድምፅ በማይበልጥ ድምፅ ነበር የሚያንጎራጉረው፤ ጊዜው አያስዘምርም። ትሪዎቹን በረጅም የእንጨት አካፋ ገፍቶ ያስገባልንና "ቁጭ በሉ እናንተ" ይለናል። የዱቄት ጆንያ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን።

በሕይወቴ የምናፍቀው ቦታ ንገሪን ብትሉኝ ያ ጆንያ ነው። ሌላው ሰው የተወለደበትን ወንዝ ይናፍቃል፣ እኔ የዱቄት ጆንያ እናፍቃለሁ። ጀርባችን በግድግዳው ሙቀት ይሞቃል፤ ውጭ ካፊያ ይላል። እሱ ስለ የቡ ያወራኛል፤ አያቱ ጓሮ ስላለው ቡና፣ ፍሬው ሲቀላ ዝንጀሮ እንዴት እንደሚሻማቸው። ቡና ቀምሶ ደረጃ የሚሰጥ ሰው መሆን ይፈልግ ነበር። "እየጠጣህ ደመወዝ?" እለዋለሁ። "አይዋጥም እኮ፣ ይተፋል" ይለኛል። "እንግዲያው እየተፋህ ደመወዝ" እለዋለሁ፤ ትከሻው ይስቃል። ወድጄው ነበር። ይኸው ተናገርኩ። አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ይህን ቢያነበው ቅር እንደማይለው አውቃለሁ፤ ቢለውም ምን ላድርግ።

ብስኩቱ ሲወጣ ከየትሪያችን አንዳንድ እንሰርቅና መንገድ ላይ እንበላለን። እሱ አዝሙድ ያለበትን፣ እኔ የተወጋውን። እንፋሎቱ አፋችንን እያቃጠለን፣ አይቡ ጣታችን ላይ እየፈረፈረ፣ "ጣፈጠሽ?" "ጣፈጠህ?" እየተባባልን። የሱ ምን ምን እንደሚል ቀምሼ አላውቅም፣ እሱም የኔን። ለመቅመስ አስቤም አላውቅም፤ እንደዚያ ያለ ሐሳብ ወደ ጭንቅላታችን የሚገባበት በር አልነበረም። አሁን ሳስበው ግን አንድ ነገር እየበላን አንድ ነገር ሳንበላ ነው የኖርነው።

በዚያ ዓመት ቡናው መቅላት ሲጀምር የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። ቀበሌው ስም አነበበ፤ የሱ ስም ተነበበ። አንድ ልጅ ነው፣ እናቱ ባል የላትም፣ ብላ ሀርሜ ያላንኳኳችው በር አልነበረም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የተጠሩትን ልጆች ሰብስበው የቀበሌው አዳራሽ አስገቧቸው፤ ሐሙስ ቀትር ላይ አውቶቡስ ይወስዳቸዋል ተባለ። ሀርሜ ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳ በር ላይ ቆመች። ከውስጥ አያት። ሌላው ልጅ ካልሲ አምጡልኝ፣ ብርድ ልብስ አምጡልኝ ሲል እሱ በብዙ ሰው ራስ ላይ አሻግሮ "ሀርሜ! ብስኩቱን!" ብሎ ጮኸ። ሌላ ነገር አልጠየቃትም።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ ለአባቴ በሊሙ አውቶቡስ የምትልከውን ብስኩት ልትሠራ ቀድማ ሥጋዋን ገዝታ ነበር። ሀርሜም የራሷን ገዝታ መጣች። እንደ ወትሮው አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ ቆመው ከተፉ። ሀርሜ አላለቀሰችም። ሽንኩርቱ እንኳን አላስለቀሳትም። ሥጋውን ቁሌቱ ላይ አድርቃ አበሰለች፣ አይቡን በጨርቅ ጨምቃ ውሃውን አወጣች፣ ክቦቹን ከደነች፣ ጠርዙን ቆነጠጠች። ገና እንቁላሉ ሳይቀባ አንዲት የሰፈር ሴት እየሮጠች መጣችና "አሁን በር ላይ እያገናኙ ነው፣ ቶሎ!" አለቻት። ሀርሜ እጇን እንኳን ሳትታጠብ ወጣች። በዱቄት እንደነጣች በመንገዱ ስትሮጥ አሁን ድረስ ይታየኛል።

ምልክቱን ያደረገችው እናቴ ነበረች። ጥቁር አዝሙዱን በነሱዎቹ ላይ ነሰነሰች፤ የኛዎቹን በሹካ ወጋች። ከዚያ፣ ልጁ የሚሄድበት ነውና ያምራል ብላ፣ እንቁላሉ ላይ አንድ አስኳል ጨምራ ሁሉንም ደጋግማ ቀባች። ምልክት ከተደረገ በኋላ ቀባች ማለት ነው። እኔም አጠገቧ ቆሜ አየሁ፣ ምንም አልታየኝም። ቀልቧ እዚያ አልነበረም፣ የኔም አልነበረም።

ትሪዎቹን ይዘን ዳቦ ቤቱ ስንደርስ ምድጃው በመንግሥት ዳቦ ተጨናንቋል፤ ለዘማቾቹ ስንቅ ነው። ጋጋሪው ላቡን እየጠረገ "ለዛሬ አልችልም" አለን። እናቴ ለማን እንደሆነ ስትነግረው አንድ ትልቅ ትሪ ባዶ አደረገና "በዚህ ላይ አንድ ላይ ደርድሩት፣ ጥግ ላይ አስገባዋለሁ" አለ። ደረደርን፤ የነሱ በአንድ ወገን፣ የኛ በአንድ ወገን። እሳቱ እኩል እንዲያገኘው ትሪውን አንድ ሁለቴ ሲያዞረው ከኋላው ሆኜ አየሁት። ሲበስል በችኮላ ጎትቶ አወጣና ቅርጫታችን ውስጥ ዘረገፈልን።

እንደዚያ ቀን ያማረ ብስኩት ጋግረን አናውቅም። ሁሉም ነፋ ብሎ፣ ወርቃማ ሆኖ፣ እያብለጨለጨ ወጣ። እናቴ ደስ ብሏት ጎንበስ አለችና ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀረ። የሹካው ቀዳዳ በእንቁላሉ ተደፍኖ፣ ሊጡም ሲነፋ ገጥሞ ጠፍቷል። አዝሙዱን መቀቢያው ጨርቅ ጠርጎ ከአንዱ ወደ ሌላው አዳርሶታል፤ እዚህ ሁለት ፍሬ፣ እዚያ ሦስት ፍሬ። አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች፣ አገላበጠች። "ወይኔ" አለች በቀስታ። "ወይኔ አምላኬ፣ ምን አደረግሁ።"

ሀርሜ ከቀበሌው በር ቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቱ መጣች። በሩን አላስጠጓትም ነበር። ቅርጫቱን አየች፣ የእናቴን ፊት አየች፣ ገባት። አንዱን አንስታ ለሁለት ቆረሰችው። ሥጋ፣ አይብ፣ ቃሪያ። አሸተተችው። ሌላ ቆረሰች። ለዓመታት በአንድ ማድ ቤት አንዷ ከሌላዋ ስትማር፣ አንዷ የሌላዋን በርበሬ ስትበደር፣ የሁለቱ እጅ አንድ ሆኖ ኖሯል። የራሷን ምግብ ከእናቴ ምግብ መለየት አቃታት። ጋጋሪው ከምድጃው ዞሮ ነገሩን ሲያውቅ አካፋውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ያ ቅርጫት ለክርስቲያን የማይሆን፣ ለእስላም የማይሆን ሆኖ መሀላችን ተቀመጠ።

"እህቴ ግደይኝ" አለች እናቴ።

"ምን ብዬ ልግደልሽ?" አለች ሀርሜ። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። "ሰዓቱ ደርሷል። ነዪ፣ ኢንተላ ኮ፣ ቅርጫቱን አንሺ።" ልጄ ማለቷ ነው፤ እኔን ነው። እናቴን ጆንያው ላይ ቁጭ እንዳለች ትተናት ሄድን።

አውቶቡሶቹ ሞተር አስነስተው ነበር። እሱ ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ በመስኮት በኩል ተቀምጧል። ሲያየን ተነስቶ ግማሽ አካሉን አወጣ። ፀጉሩን ላጭተውታል፤ ጆሮው ትልቅ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። ሀርሜ ቅርጫቱን ከእጄ ወስዳ ወደ ላይ ዘረጋችለት፤ ከመልቀቋ በፊት ግን ያዝ አደረገችው።

"ኢልማ ኮ" አለችው፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ "ተቀላቅሏል። የኛም የነሱም ሥጋ አለበት፣ አይለይም። አልዋሽህም። እንድትይዘው ነው እንጂ እንድትበላው አይደለም።"

እሱ ወደ ቅርጫቱ አየ። አልሳቀም፤ ትከሻው ግን ትንሽ ተንቀሳቀሰ። "ሀርሜ፣ እንዴት ያምራል" አላት።

"የሷ እናት፣ እትዬህ ምስኪን፣ እያለቀሰች ነው" አለችው።

"ምንም አላበላሹም በያቸው" አለ። ከዚያ ወደ እኔ አየና "አንቺስ ዛሬ አልሰረቅሽም?" አለኝ። ያን ጊዜ ያልመለስኩለትን ብዙ ጊዜ ለብቻዬ መልሼዋለሁ፤ በጆሮዬ ጥሩ መልስ ሆኖ ይሰማኛል፣ ለማን እንደምነግረው ነው የቸገረኝ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ቅርጫቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ለእያንዳንዳቸው የታደለ የመንግሥት ዳቦ ነበር፤ እሱ የሱን አወጣና፣ እናቱ እንድታይለት ከፍ አድርጎ፣ ገመጠው። ደረቁን ዳቦ እያኘከ፣ እያያት፣ አለፈ። ሀርሜ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "አላህ ይጠብቅህ" አለች፤ አቧራው እስኪጠፋ ቆመች። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። "ደረቅ ዳቦ" አለች። "ልጄን በደረቅ ዳቦ ሸኘሁት።"

ከዚያ በኋላ በዚያ ማድ ቤት ብስኩት አልተጋገረም። ሁለቱ አልተጣሉም፤ ቢጣሉ ይሻል ነበር፣ ይታረቁ ነበር። ሀርሜ እናቴን አንድም ቀን አልወቀሰቻትም፣ እናቴ ደግሞ ራሷን መውቀሷን አላቆመችም። በኮምፔንሳቶው በኩል ሀርሜ ስትሰግድ እሰማታለሁ፤ ከሰገደች በኋላ ለረጅም ጊዜ ከወለሉ አትነሳም። መጀመሪያ ላይ ወሬው ይደርሰን ነበር፤ ከማሠልጠኛው ወጣ፣ ወደ ሰሜን ሄደ። ከዚያ ወሬውም ቀረ። ሀርሜ ሰው ፊት ስለ ጦርነቱ አታወራም፤ የምታወራው ስለ ዳቦው ነበር። ሰው ምግብ ሲያቀርብላት ትቀምስና ታስቀምጠዋለች። "እኔ የሠራሁትን ሳይበላ ነው የሄደው" ትላለች፤ ሰው ሁሉ ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር እያለ ይህ ምን ያስጨንቃታል ይል ነበር። እናቴ አትልም ነበር። እኔም አልልም ነበር። እሱ የጠየቃት ብስኩቱን ብቻ ነበርና።

ደርግ ወደቀ። ወታደሩ በየመንገዱ ተበትኖ፣ ጫማው ተበልቶ፣ በእግሩ ወደየአገሩ ይገባ ጀመር። ሀርሜ የጨርቅ ንግዷን ትታ አውቶቡስ ተራ መዋል ያዘች፤ የወረደውን ሁሉ ፊቱን ታያለች። እኔ ያኔ አስተማሪ ሆኜ ሊሙ ገነት ነበርኩ፤ ቅዳሜና እሁድ ስመጣ አጠገቧ እቆም ነበር። እናቱ ያልሆንኩ፣ ሚስቱ ያልሆንኩ፣ ምን ብዬ እንደምቆም አላውቅም፤ ብቻ እቆማለሁ።

አንድ እሁድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ከኛ ቀበሌ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያደገ፣ በዚያው ሐሙስ በዚያው አውቶቡስ የሄደ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ ልጅ ልበለው እንጂ ፀጉሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ከመጣ ሳምንት አልሞላውም። እናቴ አስገባችው፤ ሀርሜ በኮምፔንሳቶው በኩል ድምፁን ሰምታ ሳትጠራ መጣች። ተነስቶ ጉልበቷን ሳመ። "እማማ፣ ስለሱ የማውቀው ብዙ አይደለም" አላት። ከማሠልጠኛ በኋላ በተለያየ ጦር ተመድበው ተለያይተዋል። አየሁት የሚል ሰው አላገኘም፤ ሞቷል የሚል ሰውም አላገኘም። ሀርሜ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው፤ ይህን ከብዙ ሰው ሰምታዋለች።

"ሌላ ምን ታውቃለህ?" አለችው። "ትንሽም ብትሆን።"

አሰበ። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ ነገራት። ጊቤ በረሃ ሲደርሱ አውቶቡሱ ተበላሽቶ ቆመ። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ የመንግሥት ዳቦው አልቋል፣ ልጆቹ ሳር ላይ ተዘርግተዋል። የሀርሜ ልጅ ቅርጫቱን ይዞ ወረደና መሀላቸው አስቀመጠው። ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተቀላቀለበት ሁሉንም አልደበቃቸውም። ማንም እጁን አልዘረጋም። "እናቶቻችን ናቸው የሠሩት" አለና ቢስሚላሂ ብሎ አንዱን አነሳ፤ ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ለዚሁ ለእንግዳችን ሰጠው፣ ግማሹን ራሱ ጎረሰው። "እኔም አማተብኩና በላሁ" አለ ሰውየው። "ከዚያ ሁላችንም በላን። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባልነግርዎ ይሻላል ብዬ ነበር።"

እናቴ ወደ ሀርሜ አየች። እኔም አየኋት። የምትሰግድ፣ የምትጾም፣ ለዓመታት ማማሰያ እንኳን ያላሻገረች ሴት ናት። ሀርሜ ነጠላዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። የማን ሥጋ እንደደረሰው አልጠየቀችም። ወደ ሰውየው ጠጋ ብላ፣ እጁን ይዛ፣

"ጠገበ?" አለችው።

"ጠግቧል እማማ" አላት። "የመጨረሻውን የበላው እሱ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ከዚያ፣ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ ሄዳ አቀፈቻት፤ ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የኛንም በልቷል ማለት ነው፣ የእናቴን እጅ። ለዓመታት ጆንያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን "ጣፈጠሽ?" "ጣፈጠህ?" ስንባባል ያላወቀውን አውቆ ነው የሄደው። እኔ የነሱን እስከ ዛሬ አልቀመስኩም።